የዕውቀት ርስት

የአንድ ኅብረተሰብ ፍትሕ የሚፈተነው በጠበበው ነገር ላይ ነው። ውኃ በሞላበት አገር ስለ ውኃ ድርሻ የሚሟገት የለም። ምንጩ ሲደርቅ ግን የማን እንስራ ይቅደም የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ በዚያን ጊዜም ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ ወንድም ከወንድሙ ጋር ያለው ዝምድና እውነተኛ መልኩን ይገልጣል። ዛሬ በኢትዮጵያ ከጠበቡት ነገሮች አንዱ የከፍተኛ ትምህርት በር ነው። ስለሆነም በዚህ በር ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል፣ ማንስ ይመለስ የሚለው ጉዳይ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻ የሚተው አይደለም። አገር ምንድን ናት? ልጅነትስ በምን ይለካል? የሚለውን የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ከጎንደር ከተማ በአዘዞ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ፀዳ ለዚህ ጥያቄ ምቹ ምሳሌ ናት። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች አንዱ የሚገኘው በዚያ ነው። ከአጥሩ ውጭ ገበሬው ያርሳል፤ ከአጥሩ ውስጥ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች የመጡ ወጣቶች ይማራሉ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የበቀለው ከሕዝብ ችግር ነው። በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ተቋቋመ። የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን በአንድነት እያሠለጠነ፣ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች መላክን ልማዱ አደረገ። ይህ አመሠራረት ሊዘነጋ አይገባም፤ ተቋሙ ከመጀመሪያው የታሰበው ለተማሪው ክብር ሳይሆን ተማሪው ለሚያክመው ሕዝብ ነበርና።

ሁለት ወጣቶች በአንድ በር

ጥያቄው ግልጽ ይሆን ዘንድ ሁለት ወጣቶች በኅሊና ይሣሉ። የመጀመሪያው ከፀዳ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ፣ ከአራሽ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ከብት እየጠበቀ፣ በፈረቃ እየተማረ፣ ማታ በባትሪ ብርሃን እያጠና 12ኛ ክፍል ደርሷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት አያሌ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የእርሱም ትምህርት ተቋርጦ ነበር። እንደገና ጀምሮ ለብሔራዊው ፈተና ቀርቧል።

ሁለተኛዋ በአሜሪካ፣ በዋሺንግተን አካባቢ ተወልዳ ያደገች ናት። ወላጆቿ በ1970ዎቹ ዓመታት በመተማ አቅጣጫ ወደ ሱዳን ከተሰደዱት ቤተሰቦች ጋር በልጅነታቸው የወጡ ናቸው። ቤት ውስጥ በአማርኛ ይነገራታል፤ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ስለ ፋሲል ግንብ፣ ስለ ቀሃ ኢየሱስና ስለ ጥምቀት በዓል ከእናቷ አፍ ሰምታ አድጋለች። በእጇ ያለው ፓስፖርት የአሜሪካ ነው። ሆኖም አያቷ ባሉበት በጎንደር ሕክምና ልትማር ትፈልጋለች።

ሁለቱም የጎንደር ልጆች ይባላሉ። ሁለቱም ማመልከቻ ይዘው በአንድ በር ላይ ይቆማሉ። በዚህ ጊዜ ከሕዝቡ አንደበት ሁለት አባባሎች ይሰማሉ። አንደኛው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የቆየ ምክር ነው። በዚህ አነጋገር የሁለት አገር ልጅ መሆን ብልኅነት ነው፤ ስደትን ያየ ቤተሰብ ልጁን በአንድ ባላ ላይ ብቻ ቢያንጠለጥል ሞኝነት ይሆንበታል። ሁለተኛው አባባል በሁለት ቢላ ስለሚበላ ሰው የሚነገረው ወቀሳ ነው። በዚህኛው አነጋገር ደግሞ የሁለት አገር ልጅ ከሁለት ማዕድ የሚቆርስ፣ ለአንዱም ማገዶ ያልለቀመ ነው። አንዱ ሕዝብ ሁለቱንም አባባል በአንድ አንደበት መያዙ የሚያስገርም አይደለም። ሁለቱም ከኑሮ የተገኙ ናቸው። የሥነ ምግባር ሥራ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ሳይሆን፣ ባላ መትከል የት ላይ አብቅቶ በሁለት ቢላ መብላት የት ላይ እንደሚጀምር ወሰኑን መፈለግ ነው።

ዝምታ እንደ ቃል ሲቆጠር

በኢትዮጵያ ሕግ ፊት «የሁለት አገር ዜጋ» የሚባል ሰው የለም። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚያጣ ይደነግጋሉ። በሌላ በኩል የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ እንኳ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል ያስቀምጣል።

እነዚህ ድንጋጌዎች የሚገናኙት በዚያች በዋሺንግተን በተወለደችው ልጅ ላይ ነው። ወላጆቿ እርሷ ስትወለድ ገና ኢትዮጵያውያን ከነበሩ፣ በደም ኢትዮጵያዊት ናት፤ በተወለደችበት አፈር ደግሞ አሜሪካዊት ናት። አዋጁ እንዲህ ያለው ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ከ18ኛው እስከ 19ኛው ዓመት ያለው ጊዜ ደግሞ በዓለም ሁሉ ወጣቶች ለዩኒቨርሲቲ የሚያመለክቱበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ልጅቱ የትምህርት ማመልከቻዋን ስታዘጋጅ ሌላ ማመልከቻም ሳታውቀው እየሞላች ነው ማለት ነው። በዝምታዋ «አልፈልግም» ትላለች፤ መዝገቡም ቃሏን ይቀበላል።

እዚህ ላይ ከባድ የሥነ ምግባር ነጥብ አለ። በኢትዮጵያ ባህል ዝምታ ብዙ ትርጉም ያለው ነገር ነው። ሽማግሌ ፊት ዝም ያለች ሙሽራ እንደተስማማች ተቆጥራ ለማትፈልገው ጎጆ የተዳረችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ኅብረተሰቡ ይህን ልማድ የኮነነው ዝምታን ከፈቃድ ጋር ማስተካከል ግፍ መሆኑን በመረዳቱ ነው። ታዲያ ለሙሽራይቱ ግፍ የሆነው ለተማሪዋ እንዴት ሕግ ይሆናል? አንድ ሰው ነገርን በፈቃዱ ተወ ለማለት ቢያንስ የሚተወው ነገር በእጁ እንደነበረ ማወቅ ነበረበት። ልጅቱ ኢትዮጵያዊነት በእጇ እንዳለ የሚነግራት ከሌለ፣ ጣለችው ሊባል አይችልም፤ ከእጇ ወደቀ ቢባል ግን እውነት ይሆናል።

ይህ ማለት ግን መንግሥት ዜጋው አንድ አገር እንዲመርጥ መጠየቁ በራሱ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። በአንድ ድንበር ውስጥ መከራን አብሮ የተቀበለ ሕዝብ፣ መከራ ሲመጣ በሌላ በር መውጣት የሚችለውን ሰው በጥርጣሬ ቢያይ ምክንያት አለው። ሕጉም በሩን ፈጽሞ አልዘጋም፤ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መኖሪያውን የመሠረተና የውጭ ዜግነቱን የተወ ሰው አመልክቶ ዜግነቱን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ አገር ዜጋ የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያገኛል። ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» የሚለው ይህ መታወቂያ ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ለመነገድ፣ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የአስተዳደር አገልግሎቶችን ለማግኘት ያስችላል። መምረጥና መመረጥን ግን አይጨምርም። ከኤርትራ ጋር በተካሄደው ጦርነት ማግስት የተጻፈ በመሆኑም ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራን ዜግነት የያዘውን ሰው ከዚህ መብት አግልሏል። ይህም የደም ሐረግ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ሕጉ ራሱ መመስከሩ ነው።

«አገልግሎት» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። የውኃና የመብራት መስመር አገልግሎት ነው፤ የመንጃ ፈቃድ አገልግሎት ነው። ብዙ መቶ ሺህ ወጣቶች የሚሽቀዳደሙበት የዩኒቨርሲቲ መቀመጫስ አገልግሎት ነው ወይስ ድርሻ? አገልግሎት ከሆነ የሚገባው ለሚጠይቀው ሁሉ ነው። ድርሻ ከሆነ ግን ከማን ድርሻ ላይ እንደሚቆረስ መታወቅ አለበት።

ርስተኛውና አራሹ

የጎንደር ደጋ ይህን ክርክር በሌላ መልኩ ለብዙ መቶ ዓመታት ያውቀዋል። በቤጌምድርና በጎጃም የርስት ሥርዓት መሠረት፣ መጀመሪያ መሬቱን ካቀናው አባት በወንድም ሆነ በሴት መስመር የዘር ሐረጉን መቁጠር የሚችል ሁሉ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። ርቆ የሄደ ሰው ልጅ፣ የልጅ ልጅ ቢሆንም ተመልሶ መጥቶ አባቶቹን ቆጥሮ ይሟገት ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ አስተሳሰብ ትልቅ ሰብአዊነት ነበረው፤ የጠፋ ልጅ ለዘለዓለም ጠፋ አይባልበትም። ሴት ልጅ እንደ ወንዱ ርስት ትቆጥርበት ነበር።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ጥላም ነበረው። ሐረግ ቆጣሪው ሲበዛ ማሳው ይቆራረስ ነበር፤ በየችሎቱ የሚባክነው የሥራ ቀን ከሚታረሰው ቀን የሚወዳደርበት ጊዜ ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሐረግ የሌለው ሰው ዕጣ ነው። ለገበሬው ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ በግንብ ሥራ እየተሳተፉ በዚያው ምድር የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ለረጅም ዘመን ከርስት ተነፍገው፣ ለባለርስቱ ጭሰኛ ሆነው ኖረዋል። ምድሪቱን በእጃቸው ያገለገሉ ሰዎች በደም ሒሳብ ባዕድ ተባሉ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሒሳብ ገለበጠው። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነች፤ የመጠቀም መብት ከሐረግ ቆጣሪው ወደ አራሹ ተሸጋገረ። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው የጮኹት የቆጠራን መብት በላብ መብት ለመተካት ነበር። በዚያ አዋጅ ላይ ከጊዜ በኋላ ብዙ ትችት ቢቀርብም፣ ያነሣው መሠረታዊ ሐሳብ፣ ማለትም ድርሻ ለሚደክምበት ይገባል የሚለው፣ ዛሬም ሕያው ነው።

የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ በየትኛው ሒሳብ ይታደል? በርስት ሒሳብ ከሆነ የዋሺንግተኗ ልጅ ሐረጓን ቆጥራ ትገባለች። በአራሽ ሒሳብ ከሆነ ግን ግብር የከፈለው፣ ግጭቱን የቻለው፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የጠበቀው የፀዳው ልጅ ይቀድማል። ክርክሩ በዚህ ቢያበቃ መልሱ ቀላል ነበር። የሚያበቃ ግን አይደለም፤ መቀመጫ እንደ ማሳ አይደለምና። ማሳ ትናንት በተደከመበት ይለካል፤ የመማሪያ መቀመጫ ግን ነገ በሚደከምበት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወጣት፣ የትም ይወለድ የት፣ ገና አራሽ አይደለም፤ ዘር የተቀበለ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው «ምን አርሰሃል?» ተብሎ ብቻ ሳይሆን «የት ልትዘራው ነው?» ተብሎም ነው።

የጠበበው ወንበሩ ነው ወይስ ወንፊቱ?

ወደ ፍርድ ከመሄድ አስቀድሞ ግን የጠበበው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ መመርመር ይገባል። ብዙ ሰው የጠበበው ወንበሩ ነው ብሎ ያስባል። የቅርብ ዓመታት ውጤት የሚያሳየው ሌላ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ሆኑ። በእነዚህ ዓመታት ያለፈው ተማሪ ቁጥር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን አዳራሾች የሚሞላ አልነበረም፤ ሬሜዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ሌሎች ተማሪዎች እንዲገቡ የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ ሕክምና ባሉት ጥቂት መስኮች ፉክክሩ ቢጠናም፣ በጠቅላላው ሲታይ የጠበበው ወንበሩ ሳይሆን ወንፊቱ ነው።

ይህ ግንዛቤ የጥያቄውን መልክ ይለውጠዋል። የፀዳው ልጅ የዋሺንግተኗን ልጅ ሊከስሳት የሚችለው «ወንበሬን ወሰደች» ብሎ አይደለም። «እኔ የተነፋሁበትን ወንፊት አልፋ ሄደች» ብሎ ግን ሊከስስ ይችላል። እርሱ ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ፊዚክስ ተምሮ፣ በቤቱ በማይነገር በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተፈትኗል። እርሷ የመጣችው በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ተምራ፣ የሌላ አገር የትምህርት ማስረጃ ይዛ ነው። ማስረጃዋ በአቻ ግምት ተመዝኖ ይለፍ ሲባል፣ የሚዛኑ ጥብቅነት ከእርሱ ፈተና ጥብቅነት ያነሰ ከሆነ በደሉ በዚያ ላይ ነው። በደሉ በወረቀቷም በደሟም ላይ አይደለም፤ በሚዛኑ ላይ ነው።

ሌላም የተሸሸገ ልዩነት አለ። ለብዙ ዓመታት በቆየው ሥርዓት የፀዳው ልጅ ቢያልፍ እንኳ በፀዳ መማሩን የሚወስነው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ የትምህርት ሚኒስቴር እንደ ውጤቱና እንደ ምርጫው ወደ ሌላ ክልል ዩኒቨርሲቲ ሊመድበው ይችል ነበር። በአጥሩ ሥር ያደገ ልጅ ሩቅ አገር ሲላክ፣ ሩቅ ያደገ ልጅ በአጥሩ ውስጥ ይመደብ ነበር። የዋሺንግተኗ ልጅ «በአያቴ አገር በጎንደር ልማር» ስትል የምትጠይቀው እንግዲህ እኩልነትን ብቻ አይደለም፤ የፀዳው ልጅ በምኞት ብቻ የሚያገኘውን የቦታ ምርጫ ጭምር ነው። ይህን መናገር እርሷን ለመወንጀል አይደለም። ልመናዋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ራሷ እንድታውቀው ነው።

ከመቅደላ የተወሰዱ ሁለት ሕፃናት

የደም፣ የወረቀትና የአስተዳደግ ጥያቄ ለጎንደር አዲስ አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ከዘረፈው ቅርስ ጋር ሁለት ሕፃናትን ወስዷል። አንደኛው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ሁለተኛው በጎንደር የተወለደው፣ የሦስት ዓመት ዕድሜ እንኳ በቅጡ ያልሞላው ወርቅነህ እሸቴ ነው።

ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር በታወቁ ትምህርት ቤቶች እንዲማር ተደረገ። የንጉሥ ልጅ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሐረጉን የሚጠራጠር አልነበረም። ነገር ግን ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንዘርም ተቀበረ። ኢትዮጵያ አፅሙ እንዲመለስ ብትጠይቅም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. ሳይፈቅድ ቀርቷል። ዓለማየሁ ደሙ የታወቀ፣ መንገዱ የተዘጋ ልጅ ነበር።

ወርቅነህ ደግሞ በአንድ የእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምና ተማረ፤ በስኮትላንድ ትምህርቱን ቀጠለ፤ በበርማ በሐኪምነት አገለገለ። ቋንቋውን አጥቷል፤ ስሙን አጥቷል፤ በወረቀት የእንግሊዝ ተገዥ ነበር። የዐድዋ ድል ዜና ዓለምን ሲያዳርስ ወደ ትውልድ አገሩ ለመምጣት ተነሣ። ሲመጣም አያቱ በልጅነቱ ባገኘው የሰውነት ጠባሳ ለይተው እንዳወቁት በታሪኩ ይነገራል። የአያቲቱ ምስክርነት ግን የታሪኩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም። ሐኪም ወርቅነህ አማርኛን እንደገና ተማረ፤ ሕመምተኞችን አከመ፤ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት ሠራ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ደከመ፤ በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጀ። ፋሽስት ኢጣልያ አገሪቱን ስትወር በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኖ ስለ አገሩ ተከራከረ። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለት ልጆቹ ቢንያምና ዮሴፍ በ1929 ዓ.ም. በወራሪው እጅ ተገደሉ።

ለሐኪም ወርቅነህ «አንተ ኢትዮጵያዊ ነህን?» የሚል ጥያቄ መጀመሪያ የተመለሰው በጠባሳ ነው። ጠባሳው ግን በር ከፈተለት እንጂ ቤት አልሠራለትም። ቤቱን የሠራው በቀሪ ዕድሜው ነው። ከሁለቱ ሕፃናት ታሪክ የሚወጣው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው፦ ሐረግ የመምጣት መብት ይሰጣል፤ የመቆየት መብት ግን በሥራ የሚገኝ ነው። የዓለማየሁ ዕጣ ደግሞ በሩን መዝጋት ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ያሳስባል። በሩ ያልተከፈተለት ልጅ ምን ሊሠራ ይችል እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ሁለት ዜግነትን የማትፈቅደው ሕንድ እንደ ኢትዮጵያ ቢጫ ካርድ ያለ መታወቂያ ለትውልደ ሕንዳውያን መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር። ለብዙ ዓመታት ባለ መታወቂያዎቹ በሕክምናና በምሕንድስና ትምህርት ቤቶች ይወዳደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 መንግሥት ለሕንድ ዜጎች ብቻ የተለዩትን መቀመጫዎች ከለከላቸው። በሕንድ ምድር አድገው ከሕንዳውያን እኩዮቻቸው ጋር በአንድ ክፍል የተማሩ ልጆች ሳይቀሩ በአንድ ማስታወቂያ ባዕድ ሆኑ። ጉዳዩ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ፍርድ ቤቱ በ2023 አዲሱ ደንብ ቀደም ብሎ መታወቂያ የያዙትን ሊነካ አይገባም ሲል ወሰነ። ከዚህ የሚወሰደው ነገር ግልጽ ነው፤ አንድ ልጅ የሕይወቱን መንገድ በአንድ ቃል ላይ መሥርቶ ከተጓዘ በኋላ ቃሉን ከሥሩ መሳብ ግፍ ነው። ደቡብ ኮርያ በበኩሏ ሙሉ ትምህርታቸውን በውጭ አገር የፈጸሙትን ልጆች ከመደበኛው ኮታ ውጭ በተለየ መንገድ ትቀበላለች። ከውጭ የመጣው ልጅ የአገር ቤቱን ልጅ ቦታ ላለመሻማቱ ይህ አንድ ዋስትና ነው።

ኢትዮጵያም ራሷ የምትጠቅሰው ልምድ አላት። በ1950 ዓ.ም. ለአፍሪካ አገሮች ልጆች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጥታ፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶችን ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጠርታ ነበር። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ በዚያ ከተማሩት አንዱ ነው። በወቅቱ የአገሪቱ የትምህርት በር ከዛሬው እጅግ የጠበበ ነበር። ቢሆንም የእንግዶቹ መምጣት አስተናጋጆቹን አላደኸያቸውም። በቅኝ ግዛት ተወልደው ለነፃነት የነቁት እነዚያ ወጣቶች ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አፍሪካዊነታቸውን እንዲያስቡና የአገራቸውን ሁኔታ በአዲስ ዓይን እንዲመረምሩ ገፋፍተዋል። ፍጹም ባዕድ ለሆነው ወጣት ይህን ያህል የዘረጋ እጅ፣ በአያቷ ስም ለምትመጣ ልጅ እንዴት ይታጠፋል?

የዕውቀት ግብር

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ በአንድ ቃል የሚጠቃለል አይደለም፤ ነገር ግን መሠረቶቹ ግልጽ ናቸው።

አንደኛ፣ ዝምታ ቃል አይደለም። በውጭ የተወለደ ልጅ አሥራ ዘጠነኛ ዓመቱን ሳይጨርስ በእጁ ምን እንዳለና ምን እንደሚያጣ የሚነግረው ኤምባሲ፣ የሚያስረዳው የኮሙኒቲ ማኅበር፣ የማይሸሽገው ወላጅ ሊኖረው ይገባል። ተነግሮት ከተወው ፍርዱ የራሱ ነው። ሳይነገረው ቢወሰድበት ግን የሕገ መንግሥቱ ቃል በተግባር ተጥሷል።

ሁለተኛ፣ ወንፊቱ አንድ ይሁን። የወረቀቱ ዓይነት ሊለያይ ይችላል፤ የሚጠይቀው የችሎታ መጠን ግን ሊለያይ አይገባም። የፀዳው ልጅ የወደቀበትን ፈተና የሚያህል ሚዛን ያላለፈች ልጅ፣ የቱንም ያህል የናፍቆት እንባ ብታፈስ፣ ሐኪም ትሁን ሊባል አይገባም። በሽተኛው የሐኪሙን ናፍቆት ሳይሆን ዕውቀቱን ነው የሚሻው።

ሦስተኛ፣ ከውጭ የሚመጣ ተማሪ ወንበሩን ይዞ ይምጣ። በገጠር ድግስ እንግዳ ሲበዛ ጎረቤት በርጩማውን ተሸክሞ እንደሚመጣ ሁሉ፣ አቅም ያለው ተማሪ የሚከፍለው ገንዘብ ሌላ ወንበር፣ ሌላ ላቦራቶሪ፣ ሌላ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሊሆን ይገባዋል። እዚህ ላይ ግን አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ትክክለኛ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሁሉ ዶላር ይዞ አይመጣም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ በመተማ በኩል ከገቡት ብዙ ሺህ ሰዎች መካከል በካርቱም የኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። በዚያ ተወልዶ በዓረብኛ የተማረ፣ የትምህርት ማስረጃው ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ልጅ እርሱም «በውጭ ያደገ» ነው። በዚህ ልጅና በዋሺንግተኗ ልጅ ላይ አንድ ዓይነት ክፍያ መጣል እኩልነትን መስሎ የሚመጣ አድልዎ ይሆናል። ስለዚህ ክፍያው በፓስፖርት ሳይሆን በአቅም ይለካ። ዳያስፖራ የሚለው ቃል ሀብታሙንና ስደተኛውን በአንድ ጆንያ ስለሚከት፣ በፍርድ ቦታ ላይ ሲነገር ሁልጊዜ ተፈትቶ ሊታይ ይገባዋል።

አራተኛውና ዋናው፣ ርስት ያለ ግብር አይጸናም። በድሮው ሥርዓት እንኳ ሐረግ የቆጠረ ሁሉ ርስቱን የሚያጸናው ግብሩን ገብሮ፣ ከመንደሩ ጋር ኖሮ፣ ሙቱን ቀብሮ፣ ደቦውን ወጥቶ ነበር። የዕውቀት ርስትም ግብር አለው። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በገጠር እንዲያስተምርና እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገበሬው ወጥተዋል። የዘመቻው ፖለቲካ ብዙ ሐዘንና ስሕተት ተከትሎታል፤ ከተሜው ወጣት የአገሩን ገበሬ ፊት ለፊት ያየበት አጋጣሚ መሆኑ ግን አይካድም። የጎንደር የጤና ኮሌጅም ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ሲልክ የያዘው ሐሳብ ይኸው ነው። ከውጭ ለመጣው ተማሪ ይህ ግብር እጥፍ ሊሆንለት ይገባል፤ ሊሆንበት ማለት አይደለም። ቋንቋውን የሚመልስለት፣ የአያቱን አገር ከዘፈንና ከፎቶግራፍ አውጥቶ በእግሩ የሚያስረግጠው እርሱ ነውና። በደምቢያ ጤና ጣቢያ ለአንዲት እናት የመድኃኒቱን አወሳሰድ በአማርኛ ማስረዳት የቻለች ልጅ፣ ቢጫ ካርዷን ማንም አይጠይቃትም።

ለመምህሩ፣ ለካድሬውና ለኪነ ጥበብ ሰው የሚተርፈው ሥራም በዚህ ውስጥ ነው። መምህሩ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡትን ሁለቱን ልጆች እርስ በርስ ማስተዋወቅ አለበት፤ ከመካከላቸው አንዱ የአገሩን ኑሮ፣ ሌላዋ የዓለሙን መጻሕፍት ይዛ መጥታለችና። ካድሬው ዜግነትን የማስፈራሪያ ወረቀት ከማድረግ ተቆጥቦ፣ ዜግነት አብሮ የመሥራት ውል መሆኑን ሊያስረዳ ይገባዋል። ደራሲውና ተዋናዩ ደግሞ ከውጭ የመጣውን ልጅ በመድረክ ላይ የማሳቂያ አማርኛ ተናጋሪ ብቻ አድርጎ የማቅረቡን ልማድ ሊተው ይገባል። ቻርልስ ማርቲንም አንድ ቀን እንዲያ ነበር የሚናገረው።

እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ነው ይባላል። የአገር ልጅ ግን መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። ሲመጣ ጨርቅ ሊመስል ይችላል፤ ቋንቋው ይሰባበራል፤ ልማዱ ይደናቀፋል። ሲሰነብትና ሲሠራ ብር፣ ሲከርም ወርቅ ይሆናል። አንድ ሰው የዚህች አገር ልጅ መሆኑ የሚታወቀው እንግዲህ በገባበት ቀን በያዘው ወረቀት ሳይሆን፣ በቆየ ቁጥር ክብደቱ ለአስተናጋጁ ሸክም በመሆን ፈንታ ድጋፍ በመሆኑ ነው። የዩኒቨርሲቲው በር ይህ እስኪታይ ድረስ ተዘግቶ ከጠበቀ መቼም አያየውም፤ ያለ ሚዛን ከተከፈተም የፀዳውን ልጅ ይበድላል። ፍትሕ ያለው በሚዛን በተከፈተ በር ላይ ነው።